ስሟን ሳንጠይቃት

በዚህ ገጽ በየወሩ ስንገናኝ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ባልና ሚስት ስምምነት፣ ስለ ጾምና ስለ ማዕድ ስንነጋገር ኖረናል። አብዛኛውን ጊዜ መካሪው እኔ፣ ተመካሪዎቹ እናንተ ነበራችሁ። በዛሬው ወር ግን ነገሩ ተገላብጧል። የማቀርብላችሁ ምክር በገዛ ቤቴ በደረሰ ጕድለት አፍሬ የተማርሁት ነው። እናንተ ከእኔ ኀፍረት ጥቂት ትምህርት ብታገኙበት ለእናቴ መታሰቢያ ይሆንልኛል።

እናቴ ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ ዐረፈች። ዕድሜዋ ወደ ዘጠና ሳይጠጋ አልቀረም። ያረፈችውም በመቂ ከተማ፣ እኛን ስድስት ልጆቿን ባሳደገችበት ቤት፣ በራሷ አልጋ ላይ ነው። መቂን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም የታወቀች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። ከጉራጌ ተራሮች የሚወርደው የመቂ ወንዝም በአጠገቧ አልፎ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል።

መርዶውን እንደ ሰማን፣ ከአዲስ አበባም፣ ከሐዋሳም፣ ዛሬ አዳማ ከምትባለው ከናዝሬትም ያለነው ልጆቿ ሌሊቱን ተጕዘን ጎሕ ሲቀድ ደረስን። እውነቱን ለመናገር፣ የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለንም። ዕድርተኛው ድንኳኑን ተክሏል፤ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ሣጥኑ መጥቷል። አንዱ የእኅቴ ልጅ የእናቴን ፎቶግራፍ አስፍቶ በመስተዋት አስገብቶታል። ሌላው የሕይወት ታሪኳን በስልኩ ላይ ይጽፋል። ታላቅ ወንድሜ ስንት መኪና ቀብሩን እንደሚያጅብ ይቈጥራል። ሁሉ በወግ በወጉ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ለጸሎተ ፍትሐት የመጡት ካህን መጽሐፋቸውን ገለጥ አድርገው ወደ እኛ ዘወር አሉና፣

«ልጆቼ፣ ስመ ክርስትናዋን ንገሩኝ» አሉ።

እኔ ታላቅ እኅቴን አየሁ። እኅቴ ወንድሞቼን አየች። ወንድሞቼ መሬት መሬት አዩ። ዓለማዊ ስሟን የማያውቅ የመቂ ሰው አልነበረም። ከክርስትና የተገኘው ስሟ ግን ከስድስታችን ከአንዳችንም አፍ ሊወጣ አልቻለም። አንዱ «ወለተ ማርያም ይመስለኛል» አለ። ሌላው «የለም፣ ወለተ ሥላሴ ሳትሆን አትቀርም» አለ። ካህኑ አልተቈጡም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ በጸሎት ላይ ይመስለኛል አይባልም። እስኪ በደንብ አስታውሱ» ብለው መጽሐፉን በጣታቸው እንደ ያዙ ቆሙ።

የምናስታውሰው ነገር አልነበረም፤ ጠይቀናት አናውቅምና። የንስሐ አባቷ የነበሩት አረጋዊ ካህን በሁለት ዓመት ቀድመዋት ዐርፈዋል። በእርሳቸው ፈንታ የተተኩት ካህን ደግሞ በዚያ ሳምንት ለአገልግሎት ወደ ሩቅ ቦታ ሄደው ስልካቸው አልገኝ አለ። ክርስትና እናቷና የዕድሜ እኩዮቿ ሁሉ አልፈዋል። ከቀበሌ የተሰጣት መታወቂያ ላይ ያለው ዓለማዊ ስሟ ነው፤ የትውልድ ዘመኗም በግምት የተሞላ ነው።

በዚያች ሰዓት ሌሎቹ የማያውቁትን አንድ ነገር እኔ ዐወቅሁ፤ ዛሬም ድረስ ልቤን የሚነካኝ እርሱ ነው። እናቴ ከማረፏ በፊት በነበረው የትንሣኤ በዓል ሊጠይቃት ሄጄ በነበርሁ ጊዜ፣ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ልጄ፣ አንድ ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዘህ አጠገቤ ተቀመጥ። የምታጽፍህ ስም አለኝ» ብላኝ ነበር። እኔም የርስት ወይም የዕዳ ጕዳይ መስሎኝ፣ «እሺ እማዬ፣ በሚቀጥለው ስመጣ» አልኋት። ማግስቱን ሥራ ስለ ነበረብኝ ተመለስሁ። «በሚቀጥለው» ያልሁት ቀን ያቺ የቀብሯ ቀን ሆነች።

እኛ እንዲህ አፍረን ቆመን ሳለ፣ ከጓዳው በር አጠገብ በሴቶቹ መካከል ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሕፃን ብድግ አለች። የእኅቴ የልጅ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ነው። ከቅድመ አያቷ ጋር በአንድ አልጋ ታድር ነበር። «እኔ ዐውቀዋለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ካልጀመርሁ አይመጣልኝም» አለች። ካህኑም «ከመጀመሪያው በዪው፣ ልጄ» አሏት።

ሕፃኒቱ ዐይኗን ጨፍና ጀመረች። በመጀመሪያ የታላቅ እኅቴን ስመ ክርስትና ጠራች። ቀጥላ የወንድሞቼን ጠራች። የእኔን ጠራች፤ እኔ ራሴ ከዓመታት ወዲህ ለማንም ያልነገርሁትን ስም ከሕፃን አፍ ስሰማ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የምራቶቿንና የአማቾቿን፣ የልጅ ልጆቿን፣ የልጅ ልጅ ልጆቿን አንድ ሳታስቀር ዘረዘረች። ከሕያዋን ወደ ሙታን ተሻገረች፤ የእናቴን አባትና እናት፣ የአባታችንን፣ ቀጥሎም ማናችንም ሰምተናቸው የማናውቃቸውን ሁለት ስሞች ጠራች። በመጨረሻም «እኔንም ኀጢአተኛዪቱን ባሪያህን» ብላ የእናቴን ስመ ክርስትና ተናገረች። ከዚያም ዐይኗን ገልጣ፣ «እማማ ማታ ማታ እንዲህ ትል ነበር። እኔም አብሬአት እል ነበር» አለችን።

ካህኑ ስሙን ተቀብለው ጸሎቱን ጀመሩ። ያንን ስም በዚህ ገጽ ላይ አልጽፈውም፤ ለጸሎት የተሰጠ ስም ነውና በጸሎት ይቈይ። እኛ ልጆቿ ግን በዚያ ሰዓት ያለቀስነው ልቅሶ ስለ ሞቷ ብቻ አልነበረም። ማንበብና መጻፍ የማታውቀው እናታችን የስንት ሰው ስም በልቧ ጽፋ በየሌሊቱ በእግዚአብሔር ፊት ስታነሣ ኖራለች። ተምረናል የምንለው ልጆቿ ግን የእርሷን አንድ ስም መያዝ አቃተን።

በስማችን ስትጸልይ የኖረችው ይህች ሴት ማን ነበረች? የእኅቴ ልጅ በስልኩ ላይ የጻፈው የሕይወት ታሪክ በቀብሯ ቦታ ተነብቧል። የተወለደችበትን አገር፣ የልጆቿን ቍጥርና የእያንዳንዳችንን ሥራና ማዕረግ የሚናገር ነበር። ልጁን አልወቅስም፤ የነገርነውን ነው የጻፈው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለቅሶ ከሚደርሱት ጎረቤቶች የሰማነው ታሪክ ከዚያ ወረቀት እጅግ የሰፋ ነበር።

እናቴ የቡልጋ ተወላጅ ናት። ጣልያን አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወደ ገደል መሸሻ እንደ ወረደች ትነግረን ነበር፤ ዕድሜዋን የምንገምተውም ከዚሁ ነው። ጠላት ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እህል ይነግድ ለነበረው አባታችን ተድራ ወደ መቂ መጣች። ከደጋ ወጥታ ወደ ቆላማው አገር ስትገባ ከባሏ በቀር የምታውቀው ሰው አልነበራትም፤ ቋንቋውንም አታውቅም ነበር። ኦሮምኛን ያስተማረቻት ከአጥሩ ማዶ የነበረች ጎረቤቷ ናት። እኛም ይህችን ጎረቤታችንን ከልጅነታችን ጀምሮ «አኮ» እያልን እንጠራታለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ዛሬ ዕድሜ ተጭኗት በምርኵዝ ትሄዳለች፤ ልቧ ግን ብሩህ ነው።

በሣልስቱ ዕለት፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ሕፃኒቱ የጠራቻቸውን ሁለት ያልታወቁ ስሞች አንሥተን አኮን ጠየቅናት። አኮም ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ ከቈየች በኋላ፣ «ሁለቱንም እኔ አቅፌአቸዋለሁ። ከእናንተ ሁሉ በፊት የተወለዱ ናቸው። በወባው ዓመት፣ በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ለሰው ስታነሣ አልሰማኋትም» አለችን።

አኮ የወባው ዓመት ያለችው በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የዘለቀውን ታላቅ ወረርሽኝ ነው። በዚያ ጊዜ በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው በወባ እንደ ታመመ፣ 150,000 ያህል ሕዝብም እንዳለቀ ይገመታል። ብዙ ጕዳት የደረሰው ዘወትር ወባ በሚኖርበት በረሃ ሳይሆን፣ ከፍ ባለው አገር፣ በሽታውን ባልለመደው ሕዝብ ላይ ነው። ይህን ቍጥር ከብዙ ዓመታት በፊት አንብቤዋለሁ፤ ሳነበውም እንደ ማንኛውም የታሪክ ቍጥር ዐልፌው ነበር። ከመቶ ኀምሳው ሺህ መካከል ሁለቱ ወንድሜና እኅቴ መሆናቸውን ያወቅሁት እናቴን ከቀበርሁ በኋላ ነው። እናቴ ያን ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ሴት እንኳ አልሞላትም።

አኮ ሌላም ነገረችን። ሁለቱ ሕፃናት ካረፉ በኋላ እናቴ በኅዳር ጽዮን ዕለት ዝዋይ ሐይቅን በታንኳ ተሻግራ ወደ ደብረ ጽዮን ደሴት፣ ቱሉ ጉዶ ወደምትባለው፣ ሄዳ ተስላ ነበር። በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ይዘው ሸሽተው በዚያ ደሴት አሳረፏት የሚለውን ትውፊት አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያዘነች እናት ማረፊያ ፍለጋ ወደዚያ መሄዷ አያስደንቅም። በዓመቱ ታላቅ እኅታችን ተወለደች። የእትዬ ስመ ክርስትና ስለ ምን በጽዮን ስም እንደ ሆነ እርሷ ራሷ ያወቀችው በስድሳ ዓመቷ በዚያች በሣልስቱ ቀን ነው።

አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. አባታችን ዐረፈ። እናቴ ስድስት ልጆች ይዛ ቀረች። መቂ የመንገድ ከተማ ናትና የጭነት መኪና ነጂዎች ያርፉባታል፤ እናቴም ለእነርሱ እንጀራ እየጋገረች መሸጥ ጀመረች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ምጣዱን ስትጥድ የእሳቱ ብርሃን በግድግዳው ላይ ሲጫወት ተኝተን እናይ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንገደኛው ሲበዛ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት እንጀራዎች ለይታ በሌማት አስቀምጣ፣ «እነዚህ የባለቤቱ ናቸው» ትለን ነበር። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ደጃፋችን ላይ የሚቀመጡትን የኔ ቢጤዎች ስናይ ገባን። ቀን ደግሞ እጇ ዕረፍት አያውቅም፤ ጥጥ እየፈለቀቀች፣ እየነደፈች፣ በእንዝርት እየፈተለች ለሸማኔ ትሰጣለች። ከእኛ ቤት ክርስትና ተነሥቶ፣ ከሰፈራችንም ድሀ ልጅ ተድሮ የእርሷ ፈትል ያልገባበት ነጠላ የለበሰ ጥቂት ነው።

በለቅሶው ሰሞን አንዲት ጎረቤት የነጠላዋን ጥለት እያሳየችን፣ «ይህን የፈተለችልኝ እርሷ ናት፤ ስዳር የለበስሁት ነው» አለች። ሌላዋም ተነሥታ የእርሷን አሳየች። ይህን ባየሁ ጊዜ በሐዋርያት ሥራ የተጻፈችው የኢዮጴዪቱ ጣቢታ ትዝ አለችኝ። ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ በቅዱስ ጴጥሮስ ፊት ቆመው እያለቀሱ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት እንጂ ስለ ወገኗ ትልቅነት አልነገሩትም። እውነተኛ የሕይወት ታሪክ ማለት ይህ ነው። ወረቀታችን ልጆቿ ምን እንደ ሆኑ ተናገረ፤ ነጠላው ግን እርሷ ምን እንደ ነበረች መሰከረ።

ወዳጆቼ፣ ስለ ስመ ክርስትና ጥቂት ልጨምር። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የምትቀበለው ስም በቁርባን፣ በተክሊል፣ በመጨረሻም በፍትሐት የምትጠራበት ስም ነው። ከዕረፍት በኋላም በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፣ በመንፈቁና በዓመቱ መታሰቢያ ሲደረግ ካህናቱ የሚያነሡት ይህንኑ ስም ነው። የጥንት አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ በብራና ላይ ያስጻፉትን የጸሎት መጽሐፍ ብታዩ፣ በየጸሎቱ መጨረሻ የባለቤቱ ስመ ክርስትና ገብቶበታል። ስሙ እስኪሞላ ድረስ ቦታው ባዶ የተተወበትም አለ።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ የብዙ አረጋውያን ስመ ክርስትና በልጆቻቸው ዘንድ ስለ ምን ጠፋ? አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቀድሞ ሰዎች ስመ ክርስትናቸውን ክፉ ሰው እንዳያውቀውና ለጥንቈላ እንዳያውለው እየሰጉ ይሰውሩት ነበር። ሁለተኛውም የኑሮ ለውጥ ነው። ሰው በተወለደበት ደብር ሲኖር ክርስትና ያነሡት ሰዎች በአጠገቡ ስለሚኖሩ ስሙ አይጠፋም። ከቡልጋ ወደ መቂ፣ ከመቂ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ባሕር ማዶ ስንበተን ግን ስሙን የሚያውቁት በኋላችን ይቀራሉ። በመንግሥት በኩል የልደትና የሞት ምዝገባ በዐዋጅ ቍጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራው በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ለሕግ ጕዳይ ታላቅ ጥቅም አለው። ይሁን እንጂ የእናትን ስመ ክርስትና ጠብቆ ማቈየት የቤተ ሰቡ ፈንታ ነው።

የነገሥታቱ ስም በታሪክ ጸሓፊዎች እጅ ስለ ገባ አልጠፋም። እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም፣ እቴጌ መነን ወለተ ጊዮርጊስ እንደ ነበሩ ዛሬ ማንም አንባቢ ሊያውቅ ይችላል። እቴጌ መነንም እንደ እናቴ ልጆቻቸውን የቀበሩ እናት ነበሩ። ልዕልት ዘነበ ወርቅን በ1925 ዓ.ም.፣ ልዕልት ፀሐይን በ1934 ዓ.ም.፣ ልዑል መኰንንን በ1949 ዓ.ም. በሞት ተነጥቀው፣ እርሳቸውም የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል። ኀዘን ቤተ መንግሥትንና ጎጆን አይለይም። የእቴጌዪቱን ኀዘን ግን አገር ከነዓመተ ምሕረቱ መዝግቦታል፤ የመቂዪቱን እንጀራ ጋጋሪ ኀዘን ያወቁት አንዲት ጎረቤትና አንዲት ሕፃን ብቻ ነበሩ።

ቅዱስ መጽሐፍም እናቶችን አይረሳም። ሣራ ስታርፍ ዕድሜዋ 127 ዓመት እንደ ነበረ ይነግረናል፤ አብርሃም ለመቃብሯ ዋሻ ያለበትን እርሻ በ400 ሰቅል ብር እንደ ገዛ እንኳ አልተወውም። ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነቱ ከየት እንደ መጣ ያስታውሰዋል፤ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን ስም አንሥቶ ነው። ሐዋርያው በእስር ላይ ሆኖ፣ የራሱ ዕረፍት እንደ ቀረበ እያወቀ፣ የአንዲት አያትን ስም ለመጻፍ ጊዜ አላጣም። እኔ ግን ሥራ ነበረብኝ ብዬ ጊዜ አጣሁ።

ወደ ተዝካሩ ልመለስ። አርባው ሲቃረብ በእኛ በወንድማማቾቹ መካከል ክርክር ተነሣ። አንደኛው፣ «እናታችን ስንት ሰው ያበላች ናት፤ ሁለት በሬ ታርዶ፣ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ፣ መቂ ሁሉ ካልተጠራ ያሳፍረናል፤ የጎደለውን ተበድረንም ቢሆን እንሙላ» አለ። እትዬ ግን፣ «እኛን ያሳፈረን የድንኳን ማነስ አይደለም። ያሳፈረንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ በሬው የተናገረ አልነበረም። ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ካህናቱንና በደጀ ሰላሙ የሚቀመጡትን ነዳያን በዐቅማችን መገብን። ለሁለቱ ሕፃናትም፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ከእናታቸው በቀር ያሰባቸው ላልነበረ፣ በእናታቸው ስም አጠገብ ስማቸው ተጠራላቸው። አኮም የሃይማኖት ልዩነት ሳያግዳት በምርኵዟ መጥታ ከቅጽሩ ውጭ ባለው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ዋለች።

ማታ ቤት ገብተን አንድ ደብተር ገዝተን ሁላችን ዙሪያውን ተቀመጥን። ሕፃኒቱ ጠራች፤ እኔ ጻፍሁ። እናቴ በትንሣኤ ዕለት ያዘዘችኝን ወረቀትና እርሳስ በአርባዋ ያዝሁት ማለት ነው። ከጻፍሁ በኋላ ስቈጥራቸው 43 ስሞች ናቸው። አንድ ነጠላ የምትፈትል፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ፊደል ያልቈጠረች ሴት አርባ ሦስት ነፍስ በየሌሊቱ ተሸክማ ትተኛ ነበር።

እንግዲህ ምክሬ ረጅም አይደለም። እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካለች፣ በዚህ ሳምንት አጠገቧ ተቀመጡ። ስመ ክርስትናዋን፣ የክርስትና እናቷን፣ የንስሐ አባቷን ጠይቋት። የአባቷንና የእናቷን ስመ ክርስትና፣ ቀድመዋት ያረፉትን ልጆቿንም ሁሉ በስማቸው ጠይቁ። ምናልባት የማታውቁት ወንድም ወይም እኅት ይኖራችሁ ይሆናል። ያልተፈጸመ ስለት፣ ያልተመለሰ አደራ፣ ይቅርታ ያልተባባለችው ሰው እንዳለ ጠይቁ። እንደ ዳኛ አከታትላችሁ አትጠይቋት፤ ቡና አፍልታ፣ ወይም ጥጥ እየፈተለች፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ ይውጣ። ሸሽጌ ልኑር ካለችም አታስገድዷት፤ ለንስሐ አባቷና ለአንድ ለምታምነው ልጇ ብቻ ትንገር። የነገረቻችሁንም በስልክ ላይ ብቻ አታኑሩት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። በወረቀት ጽፋችሁ ከቤቱ የጸሎት መጽሐፍ ጋር አስቀምጡት።

ልጆቻችሁንም ከአያታቸው ጋር ማደርን አትከልክሏቸው። እኛ ታላላቆቹ በሥራና በመንገድ ስንባዝን፣ የቤታችንን አደራ የተቀበለችው በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ከአሮጊት ጋር የምትተኛ ሕፃን ነበረች። «ከአሮጊት ጋር አድራ ምን ትማራለች?» ብለን ልጅቷን ወደ አዲስ አበባ ልንወስዳት አስበን እንደ ነበር ስናስታውስ ዛሬም እንደነግጣለን።

ባለፈው ወር ለመንፈቋ መቂ ሄጄ በእናቴ ቤት ዐደርሁ። ሕፃኒቱ በዚያው አልጋ ላይ ትተኛለች፤ እኔም ከማዶ ባለው መደብ ላይ ተኛሁ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ድምፅዋን ሰማሁ። ከእትዬ ጀምራ እንደ ልማዷ ትጠራለች። ወደ ሙታኑ ስትደርስ አንድ ስም ጨመረች፤ የእናቴን ስም ከመጨረሻው አንሥታ ከሁለቱ ሕፃናት ቀጥላ አኑራዋለች። በመጨረሻው ቦታ ላይም፣ «እኔንም ባሪያህን» ብላ የራሷን ስም ተናገረች።

እግዚአብሔር የእናቴን ነፍስ ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍልኝ። የእናንተንም እናቶች ዕድሜ ያርዝምልን፤ ያረፉትንም በማይረሳ መጽሐፉ ይጻፍልን። አሜን።